ከጀማሪ ጎን ተቀምጦ መማር በታሪክ ሲታይ

በጅቡቲ ከተማ የሚያስተምር መምህር ከወላጆች አዘውትሮ የሚሰማው አንድ ጥያቄ አለ። «ልጄን ከእሱ በታች ከሆኑ ልጆች ጋር አስቀመጣችሁት፤ ወደ ኋላ አይጎትቱትም ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ወላጅ ገንዘቡንና ተስፋውን ያፈሰሰበት ልጅ ጊዜው በከንቱ እንዳያልፍበት ቢሠጋ አያስወቅሰውም። እኛ መምህራን የምንሰጠው መልስ ግን ብዙውን ጊዜ የግብረ ገብ መልስ ነው። መረዳዳት መልካም እንደ ሆነ፣ ለደካማው ማዘን እንደሚገባ እንናገራለን። ይህ ዓይነቱ መልስ ወላጁን ዝም ያሰኘው እንደ ሆነ ነው እንጂ አያሳምነውም። ምክንያቱም ጥያቄው ስለ ደካማው ልጅ አይደለም፤ ስለ ብርቱው ነው። ብርቱው ልጅ ከጀማሪ ጎን በመቀመጡ ለራሱ ምን ያገኛል? ይህ ጽሑፍ ይህንኑ በታሪክ መንገድ ለመመልከት የተዘጋጀ ነው።

በቅድሚያ በአንድ ክፍል ውስጥ የዕውቀት ልዩነት ይህን ያህል የሰፋው ለምን እንደ ሆነ መረዳት ያስፈልጋል። ጅቡቲ የወደብና የባቡር ከተማ ናት። የሐዲዱ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1897 ከዚሁ ከባሕሩ ዳር ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ከዚያን ዘመን አንሥቶ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሐዲዱን ተከትለው ወርደው እዚሁ ኖረዋል፤ ወልደዋል። አገሪቱ ነጻነቷን ካገኘችበት እ.ኤ.አ. ከሰኔ 27 ቀን 1977 ወዲህም ልጆች በቤታቸው ሶማልኛ፣ አፋርኛ፣ ዓረብኛ ወይም አማርኛ ሲናገሩ አድገው ትምህርት ቤት ሲገቡ ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ይጠብቋቸዋል። በዚህ ላይ ደግሞ ከጎረቤት አገሮች በጦርነትና በችግር ምክንያት የሚመጡ አሉ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2017 የኢጋድ አባል አገሮች በዚችው ከተማ ተሰብስበው ስለ ስደተኞች ትምህርት ያወጡት መግለጫ «የጅቡቲ መግለጫ» ተብሎ ይታወቃል። ዋና ፍሬ ነገሩም ስደተኞች ልጆች በተለየ ቦታ ሳይሆን በየአገሩ መደበኛ የትምህርት ሥርዓት ውስጥ ገብተው እንዲማሩ ማድረግ ነው። ሐሳቡ በጎ ነው፤ ነገር ግን ከመግለጫው ወደ ክፍሉ ስንወርድ ሁለትና ሦስት ዓመት ትምህርቱ የተቋረጠበት ልጅ ምንም ካልተቋረጠበት ጋር በአንድ ወንበር ላይ ይቀመጣል ማለት ነው።

ለመምህርነት የሚሠለጥኑ ወጣቶች ወደ ማሠልጠኛ ተቋም ሲመጡ «ክፍል» ሲባል በዓይነ ኅሊናቸው የሚታያቸው፣ ዕድሜያቸውም ዕውቀታቸውም እኩል የሆነ ልጆች በረድፍ የተቀመጡበት ቤት ነው። ከዚህ የተለየው ሁሉ ጉድለት ይመስላቸዋል። ዳሩ ግን እኩዮችን ለብቻ ለይቶ የሚያስተምር ትምህርት ቤት በእኛ አካባቢ የቅርብ ጊዜ እንግዳ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ትምህርት ቤቶች፣ የቁርኣኑም ሆነ የቤተ ክርስቲያኑ፣ የተቋቋሙት ልዩነትን መሠረት አድርገው ነው።

እዚሁ ጅቡቲ የምናውቀውን የቁርኣን ትምህርት ቤት እንመልከት። ሶማሌዎች ዱግሲ ይሉታል። በአንድ ጥላ ሥር የአምስት ዓመቱም የዐሥራ ሦስት ዓመቱም ልጅ አብረው ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ የየራሱን ሉሕ፣ ማለትም ከእንጨት የተሠራውን የመጻፊያ ሰሌዳ፣ ይዞ የየራሱን ትምህርት ያነበንባል። ያንን በቃሉ ሲያውቅ ሰሌዳውን አጥቦ የሚቀጥለውን ይጽፋል። አንዱ ፊደል ሲቆጥር ሌላው ረጅሙን ሱራ ይወርዳል። መምህሩ ለሁሉም ስለማይደርስ ከተማሪዎቹ መካከል የገፋው የታናናሾቹን ንባብ ይሰማል፤ ያርማል። ይህ የመምህሩ ረዳት ከቢር ይባላል፤ በዓረብኛ «ትልቅ» ማለት ነው። በሐረር ደግሞ ከቢር የሚለው ስም ለመምህሩ ለራሱ የሚሰጥ የክብር መጠሪያ መሆኑ የሚያስገርም ነው። ረዳቱና መምህሩ በአንድ ስም መጠራታቸው፣ የማስተማሩ ሥራ የትምህርቱ መጨረሻ ደረጃ እንጂ ከትምህርቱ የተለየ ሌላ ሙያ እንዳልነበረ ያመለክተናል።

አሁን ወደ ደጋው እንውጣ። ለአማርኛ አንባቢ ይበልጥ የቀረበውና ነገሩም በጥልቀት የሚታይበት የአብነት ትምህርት ቤት ነውና።

የአብነቱ ትምህርት እንደሚታወቀው ከንባብ ቤት ይጀምራል። ልጁ ፊደል ቆጥሮ፣ አቡጊዳን ተሻግሮ፣ መልእክተ ዮሐንስንና ወንጌልን አልፎ ዳዊት ይደግማል። ንባቡም በአንድ ጊዜ የሚለቀቅ አይደለም፤ ቁጥር፣ ግዕዝ፣ ውርድና ቁም ንባብ እየተባለ ደረጃ በደረጃ ይሄዳል። እንግዲህ በአንድ የኔታ ደጃፍ ሃያና ሠላሳ ልጆች ቢሰበሰቡ ሁሉም በተለያየ ደረጃ ላይ ናቸው። የኔታ ዳዊት የሚደግመውን ሲሰሙ፣ ዳዊት ደጋሚው ለወንጌሉ፣ ወንጌል አንባቢው ለፊደል ቆጣሪው ያስጠናል። በዚህ ደረጃ ጥቅሙ በአብዛኛው የጊዜ ጉዳይ ነው፤ አንድ መምህር ለብዙ ልጆች እንዲበቃ ማድረግ ነው። ትልቁ ልጅ የሚያገኘው ነገር ቢኖር ያለፈውን አለመርሳቱ ነው። ይህም ቀላል ነገር አይደለም፤ ግን ገና ዋናው አልደረሰም።

ዋናው የሚታየው ቅኔ ቤት ነው። የቅኔ ተማሪ ከቤቱ ወጥቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ እየለመነ ዋሸራ ወይም ጎንጅ ወይም ዋድላ ይሄዳል። እዚያ ሲደርስ የሚቀበለው መምህሩ ብቻ አይደለም። ጎጆ የሚያካፍለው፣ የትኛው መንደር ውሻው ክፉ እንደ ሆነና የትኛዋ እመቤት ለተማሪ እንደምትራራ የሚነግረው ቀድሞ የመጣው ተማሪ ነው። (ይህን ዓይነቱን ዕውቀት በየትኛውም ሥርዓተ ትምህርት ተጽፎ አናገኘውም፤ ያለ እሱ ግን አዲሱ ተማሪ ሳምንት አይሰነብትም።) ግሱንና አገባቡንም ቢሆን በመጀመሪያ የሚያስይዙት እነዚያው ቀድመው የመጡት ናቸው።

የቅኔ ቤት መሰላል ከታች ወደ ላይ የታወቀ ነው። ጀማሪው ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ፣ ሦስት ቤት ያላቸውን ዘአምላኪየንና ሚበዝኁን፣ አምስት ቤት ያላትን ዋዜማ፣ ስድስት ቤት ያላትን ሥላሴ እያለ እስከ ስምንቱ ቤት መወድስ ይወጣል። ቀን ቀን ተማሪዎቹ በየዛፉ ጥላና በየጥሻው ተበታትነው ቅኔ ይቆጥራሉ፤ ይኸውም በልባቸው ይደርሳሉ ማለት ነው። ከዚያም የቆጠሩትን መጥተው ይነግራሉ፤ ይታረማሉ። የገፋው ተማሪ የታናናሾቹን ቅኔ መስማትና ማረም ሲጀምር አስነጋሪ ይባላል።

አስነጋሪ የሚለውን ቃል ልብ እንበል። የቀድሞ ሊቃውንትን የሕይወት ታሪክ ያነበበ ሰው «ቅኔ ከነአገባቡ ተምረው አስነግረዋል» የሚለውን አነጋገር ደጋግሞ ያገኘዋል። ተምረዋል ብቻ ቢባል ጎደሎ ነው። ማስነገር እንደ አንድ ማዕርግ ይቈጠራል፤ ሰውዬው ትምህርቱን በሚገባ ለመያዙ ምስክር ተደርጎ ይጠቀሳል። እንግዲህ የቅኔ ቤት ሊቃውንት ለወላጆቻችን ጥያቄ ከብዙ ዘመን በፊት መልስ ሰጥተውበታል ማለት ነው፤ ከጀማሪው ጋር መቀመጥ የብርቱውን ተማሪ ጊዜ የሚበላ ሳይሆን የመጨረሻውን ደረጃ የሚያወጣው ነው ብለዋል። የተናገሩት በድርሰት ሳይሆን በሥርዓት ነው።

ለመሆኑ አስነጋሪው ምን ይማራል? ከራሱ ከግዕዝ ሰዋስው አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከግሥ አርእስት መካከል ቀተለና ቀደሰ ይገኛሉ። ሁለቱም በፊደል ሦስት ሦስት ናቸው፤ በጽሕፈት ሲታዩም መንትያ ይመስላሉ። በትንቢት አንቀጽ ግን አንደኛው ይቀትል፣ ሁለተኛው ይቄድስ ይላል። ሁለት ዓመት የቈየ ተማሪ ይህን በቃሉ ስለሚያውቀው አያስበውም፤ ምላሱ ራሱ ይሄዳል። አዲስ የመጣው ልጅ ግን ምላሱ ገና ስላልለመደ «አንዱ ይቀትል ካለ ሌላው ስለምን ይቀድስ አይልም?» ብሎ ቢጠይቅ አያስደንቅም። ያን ጊዜ ትልቁ ተማሪ «እንዲህ ነው የሚባለው» ብሎ ሊያልፈው አይችልም፤ ወይም ቢያልፈው ልጁ ነገ ደግሞ ይስታል። መልሱን ፍለጋ ወደ ኋላ ተመልሶ ሲመለከት የቀደሰ «ደ» ጠብቃ የምትነገር፣ የቀተለ «ተ» ግን የምትላላ መሆኗን ያስተውላል፤ ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን ስለማያሳይ ነው ሁለቱ መንትያ መስለው የታዩት። ከዚያ ወዲያ ማንኛውንም አዲስ ግሥ ሲያገኝ የየትኛው ወገን እንደ ሆነ በጆሮው ይለየዋል። ያለ ጀማሪው ጥያቄ ይህን ሁሉ ላያስበው ይችል ነበር። በቃሉ የነበረው ወደ ኅሊናው የገባው ያን ጊዜ ነው።

ሊቅ የሆነው መምህር ለጀማሪ የሚቸገርበትም ምክንያት ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የኔታ ነገሩን ካወቁት አርባ ዓመት ሆኗቸዋል፤ መቼ እንደ ከበዳቸው ረስተውታል። ያለፈው ዓመት ጀማሪ ግን እንቅፋቱ የት ላይ እንዳለ እግሩ ገና ያስታውሰዋል። ስለዚህ ለታናሹ መልካም አስረጂ ይሆናል፤ ለራሱም ነገሩን ከመርሳቱ በፊት በሥርዓት ያስቀምጠዋል።

ከቅኔ ቤት ወደ መጽሐፍ ቤት ብንሻገርም ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን። ብሉያት፣ ሐዲሳት፣ ሊቃውንትና መነኮሳት በሚባሉት ጉባኤያት አንድ ተማሪ ያንኑ መጽሐፍ አንድ ጊዜ ሰምቶ አይተወውም፤ ጉባኤው እንደ ገና ሲዞር ከአዲሶቹ ጋር ተቀምጦ ይደግመዋል። ለሦስተኛ ጊዜ የሚሰማውና ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው ጎን ለጎን ናቸው። አለቃ ለማ ኃይሉ ለልጃቸው ለመንግሥቱ ለማ የነገሩትና በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ» ተብሎ የታተመው መጽሐፍ የዚያን ዘመን ተማሪ ከመምህር ወደ መምህር እንዴት ይዞር እንደ ነበረ ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው እጅግ ጠቃሚ ነው። የአለቃ እምባቆም ቃለ ወልድን ስለ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት የጻፉትንም መንግሥቱ ለማ ወደ እንግሊዝኛ መልሶት እ.ኤ.አ. በ1970 በአሜሪካ ታትሟል። መምህራን እነዚህን ሁለቱን ቢያነቡ ብዙ ያተርፋሉ።

ይሁን እንጂ የቀድሞውን ሁሉ ማሞገስ ታሪክ መጻፍ አይሆንም። በአብነቱም በቁርኣኑም ቤት ትልቁ ልጅ ታናሹን ውኃ ያስቀዳው፣ እንጨት ያስለቅመው ነበር። ዱላውም የሚቀርብ ነበር። ያልተረዳውን ነገር ለሌላ የሚያስተላልፍ ረዳትም አይጠፋም። ከዚህ ጉዳት ትምህርቱን የጠበቀው አንድ ነገር ቢኖር የመጨረሻው ዳኝነት ከመምህሩ እጅ አለመውጣቱ ነው። ተማሪው ከየኔታ ፊት መቅረቡ አይቀርም፤ ስሕተትም ካለ እዚያ ይገለጣል።

አንዳንድ አንባቢ «ይህ የድኅነት ዘዴ ነው፤ መምህር ስላልነበረ ነው» ይል ይሆናል። ለዚህ መልስ እንዲሆነን ነገሩን በእርግጥ የድኅነት ዘዴ ያደረጉትን ሰዎች ታሪክ እንመልከት።

አንድሩ ቤል የተባለ ስኮትላንዳዊ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1789 በሕንድ አገር በማድራስ፣ በዛሬዋ ቼናይ፣ የወታደር ልጆች የሚያድጉበትን የወላጅ አልባዎች ቤት እንዲመራ ተሾመ። በአካባቢው ባለ የአገሬው ትምህርት ቤት ሕፃናት በአሸዋ ላይ በጣታቸው ሲጽፉ አይቶ በራሱ ትምህርት ቤት እንዲሠራበት ፈለገ። ረዳት መምህራኑ አሻፈረኝ ቢሉት ፊደል የማስቆጠሩን ሥራ ለአንድ የስምንት ዓመት ገደማ ልጅ ሰጠው። ልጁም ተሳካለት። ቤል ይህን እ.ኤ.አ. በ1797 ለንደን ላይ አሳተመ። በሚቀጥለው ዓመት ጆሴፍ ላንካስተር የተባለ ወጣት እዚያው ለንደን ለድኆች ልጆች ትምህርት ቤት ከፍቶ ተመሳሳይ ዘዴ በሰፊው ሠራበት። አንድ መምህር በተማሪ አለቆች አማካይነት አንድ ሺሕ ልጅ ማስተማር ይችላል እስከ ማለት ደረሰ። ዘዴው እ.ኤ.አ. ከ1815 ወዲህ ፈረንሳይ ገባ። ወደ አፍሪካም ተሻገረ፤ ዣን ዳር የተባለ ፈረንሳዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1817 በሴኔጋል በሴን ሉዊ ከተማ በዚሁ ዘዴ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ከፍቶ፣ ልጆቹ በመጀመሪያ በራሳቸው በዎሎፍ ቋንቋ እንዲያነቡ አድርጓል። ይህን ሰው ሳያደንቁ ማለፍ አይቻልም፤ ከእሱ በኋላ የመጡት ግን የዎሎፉን ትምህርት ትተውታል።

በእንግሊዝም በፈረንሳይም ዘዴው አልቈየም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1846 ሌላ ሥርዓት አመጡ። በፈረንሳይም ልጆችን በደረጃ ከፍሎ ለሁሉም በአንድ ጊዜ የሚያስተምረው ዘዴ አሸነፈ። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከሚሲዮናውያን ጋር ወደዚህ ወደ ባሕሩ ዳር የመጣው የፈረንሳይ ትምህርት ቤት ይህ ክርክር ካለቀ በኋላ የመጣ ነው። ስለዚህ ከደጃፉ ያለው ዱግሲ የልጅ ጨዋታ መስሎ ቢታየው አይፈረድበትም፤ በአገሩ «ተሞክሮ የተጣለ» ነገር ነበርና።

ግን የተጣለው ያው ነገር ነበር ወይ? እኔ አይመስለኝም። በላንካስተር ትምህርት ቤት የተማሪ አለቃው ጧት ከመምህሩ የተቀበለውን ለዐሥር ልጆች ያደርስ ነበር። ትእዛዝ ይሰጣል፤ ስም ይጠራል፤ ሥርዓት ያስከብራል። የሚጠየቀው ጥያቄ የለም፤ ቢጠየቅም እንዲያስብበት ጊዜ አልተሰጠውም። ትምህርቱ ማንበብ፣ መጻፍና ሒሳብ ብቻ ስለ ሆነ ከዚያ በላይ የሚወጣበት መሰላልም አልነበረውም። ለሌሎቹ እንደ ቧንቧ ሆኖ ያገለግላል፤ ውኃው ግን በእሱ ውስጥ አልፎ ይሄዳል እንጂ አያረካውም። አስነጋሪው ግን ራሱ ገና ተማሪ ነው። ታናሹን አስነግሮ ሲያበቃ የራሱን መወድስ ሊቈጥር ወደ ዛፉ ይመለሳል። የአንደኛው ቤት ዓላማ ወጪ መቀነስ ነበር፤ የሁለተኛው ሊቅ ማውጣት። በውጭ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ፤ ልዩነቱ ትልቁ ልጅ በመማር ላይ መሆኑና አለመሆኑ ነው።

በኢትዮጵያ ዘመናዊው ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲጀመር በክፍል የተከፋፈለው ሥርዓት አብሮ ገባ። አሮጌው ልማድ ግን ወዲያው አልጠፋም። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ መምህር በጠፋበት ጊዜ ጥቂት ክፍል የተማረው ዝቅ ያለውን ሲያስተምር ቈይቷል። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ የሚያዝዝ ሥርዓት ተጀመረ። አብዛኞቹ የተመደቡት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መምህር ሆነው ነው። ይህን ሥርዓት ከቅኔ ቤት ጋር የሚያመሳስለው አንድ ነገር አለ፤ ተማሪው አስተምሮ ሲያበቃ ወደ ራሱ ትምህርት ይመለሳል። ሦስት ዓመት የተማረውን በዐሥራ ስድስት ዓመት ልጆች ፊት ቆሞ ከፈተነው በኋላ አራተኛውን ዓመት ይጀምራል ማለት ነው። ሥርዓቱን ያወጡት ሰዎች የቅኔ ቤትን አስበው ነው ለማለት አልደፍርም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዘመቻዎች በመጠን እጅግ የሰፉ ናቸው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. በተጀመረው የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60,000 የሚሆኑ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጥተዋል። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ እየቈየ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። በእነዚያ ዓመታት የነበረው የፖለቲካ ግፊትና የፈሰሰው ደም የሚረሳ አይደለም፤ ስለ እሱ ብዙ ተጽፏል። በጎረቤት ሶማልያም ሶማልኛ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ እ.ኤ.አ. በ1972 ከተወሰነ በኋላ፣ በ1974 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከ20,000 በላይ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ዘላኑ ሕዝብ ተልከዋል። እነዚያ ወጣቶች ሊያስተምሩ የሄዱት ገና ከሁለት ዓመት በፊት ለእነሱም አዲስ የነበረ አጻጻፍ ነው። በዘመቻዎቹ ላይ የሚታየው ሌላው ቁም ነገር «ጀማሪ» የሚለው ቃል ራሱ መገላበጡ ነው። በፊደል ጀማሪ የሆነው ገበሬ ወይም ግመል ጠባቂ ስለ መሬቱ፣ ስለ ዝናሙና ስለ ከብቱ ከዘማቹ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ማታ ፊደል ያስቈጠረ ወጣት ጧት እሱው ጀማሪ ሆኖ ይገኛል።

የዘመናችን የሥነ ልቡና ተመራማሪዎችም ነገሩን መርምረውታል። ባርግና ሹል የተባሉ ሁለት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት ጥናት አንድን ጽሑፍ ለራሳቸው ብለው ከሚያጠኑት ይልቅ ለሌላ ሰው እንደሚያስተምሩት ተነግሯቸው የሚያጠኑት የተሻለ ይዘውት ተገኝተዋል። ገና ሳያስተምሩ መሆኑን ልብ ይሏል። እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ ኮኸንና ሁለት ባልደረቦቹ ተማሪ ተማሪን ስለሚያስጠናባቸው ፕሮግራሞች የተደረጉ 65 ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ የሚጠኑት ብቻ ሳይሆኑ የሚያስጠኑትም በትምህርቱ ተሻሽለው አግኝተዋቸዋል። የአስጠኚዎቹ ትርፍ ከንባብ ይልቅ በሒሳብ የበለጠ ነበር። የሒሳብ መምህራን ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው፤ በሒሳብ «ለምን?» የሚለው የጀማሪ ጥያቄ የሚያመልጡበት ቀዳዳ የለውምና።

እንግዲህ በጅቡቲ ከተማ ላለ መምህር ይህ ሁሉ በተግባር ምን ማለት ነው? በመጀመሪያ ክፍሉን «ጎበዝና ሰነፍ» ብሎ ለሁለት አለመክፈል ነው። እዚሁ ተወልዶ ያደገ የኢትዮጵያውያን ልጅ ፈረንሳይኛውን እንደ ውኃ ይጠጣዋል፤ አማርኛውን ግን ሲጽፍ «ሀ»ና «ሐ»፣ «ሰ»ና «ሠ» ይምታቱበታል። ባለፈው ዓመት ከድሬዳዋ ወይም ከአዲስ አበባ የመጣው ልጅ ደግሞ አማርኛ አሳምሮ ይጽፋል፤ በፈረንሳይኛ ግን የስሞቹን ጾታ መለየት ይቸግረዋል። በሒሳብ ከሁለቱም የሚበልጥ ሦስተኛ ልጅ ይኖራል፤ እሱም በሁለቱም ቋንቋ ጀማሪ ይሆናል። ይህ ለመምህሩ ጭንቅ መስሎ ቢታየውም ከዋሸራው ቅኔ ቤት የተሻለ ዕድል ነው፤ በዚያ ቤት ትልቁ ሁልጊዜ ትልቅ፣ ታናሹም ለረጅም ጊዜ ታናሽ ነበር። እዚህ ግን ወንበሩ በአንድ ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ሊገለባበጥ ይችላል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የጊዜ ነው። ከአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ዐሥር ደቂቃ ያህል ለዚህ ቢሰጥ ይበቃል። ከዚያ ያለፈ እንደ ሆነ ብርቱው ልጅ የራሱን አዲስ ትምህርት ያጣል፤ የወላጁም ቅሬታ እውነት ይሆናል። ከዐሥር ደቂቃው በኋላ መምህሩ ሁለቱንም፣ አስረጂውንም ተረጂውንም፣ መስማት አለበት። ታናሹ ያልገባው ነገር ካለ አስረጂው ያልገባው ነገር አለ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ በጽሑፍ ፈተና ብዙውን ጊዜ የማይገኝ መረጃ ነው።

ሦስተኛው ውጤት አሰጣጡ ነው። በውጤት ካርዳችን ላይ ለጠባይ፣ ለቀሪ፣ ለማርፈድ ሁሉ ቦታ አለ። ለማስነገር ግን መስመር የለውም። ካርዱን እስኪያሻሽሉት ድረስ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ከታች «አስተያየት» የሚል ባዶ ቦታ ስላለ የክፍሉ ኃላፊ መምህር በእጁ እንዲህ ብሎ ሊጽፍበት ይችላል፤ «በዚህ መንፈቅ ዓመት ክፍልፋይን ለሦስት ጓደኞቹ አስረድቷል፤ ሦስቱንም ሰምቻቸዋለሁ።»